ለአደረጃጀት የሰጣችሁት ነጥብ ከድርሰቱ ጋር አልገጥም ሲል፦ ችግሮችና መፍትሔዎች

ይህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ድርሰት ለሚያርሙ መምህራን የተጻፈ ነው። ኃይለ ቃል (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘው ዓረፍተ ነገር) ምን እንደሆነ፣ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ምን እንደሚይዙ ታውቃላችሁና አልደግመውም። የምጽፈው በማረሚያ መስፈርቱ ላይ «የሐሳብ አደረጃጀት» በሚለው ረድፍ የሚሞላው ነጥብ ስለ ሌላ ነገር ሲናገር ስለሚደረገው ነው።

ችግር፦ ሁለት አራሚዎች ለአንድ ድርሰት የተራራቀ ነጥብ ሰጡ

መጀመሪያ መስፈርቱን መርምሩ። «በሚገባ ተደራጅቷል» ለ5፣ «በመጠኑ ተደራጅቷል» ለ3 የሚል ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት። እንዲህ ያለው መስፈርት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየተገለበጠ ይዞራል፤ «በሚገባ» ስንት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። አንዱ አራሚ የአንቀጾቹን ብዛት ያያል፤ ሌላው መደምደሚያ መኖሩን ያያል። አሜሪካዊው የፈተና ተመራማሪ ፖል ዲዴሪክና ባልደረቦቹ በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 53 አንባቢዎች 300 የኮሌጅ ጀማሪ ተማሪዎችን ድርሰት በ9 ደረጃ መደቡ። የጋራ መስፈርት አልተሰጣቸውም ነበርና ከድርሰቶቹ 94 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ 7 የተለያየ ደረጃ አገኙ።

መፍትሔው እንደ «በሚገባ» ያሉትን ቃላት አውጥቶ በዓይን የሚታይ ነገር መተካት ነው፦ «እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዟል»፣ «የአንቀጾቹ ቅደም ተከተል ምክንያት አለው»። ከዚያ ለየደረጃው አንድ አንድ ናሙና ድርሰት መርጣችሁ እርማቱ ሳይጀመር አብራችሁ አርሙ። ናሙና የሌለው መስፈርት ይዛችሁ አትጀምሩ።

ችግር፦ አያያዥ ቃል ሞልቷል፤ ሐሳቡ ግን አልተያያዘም

በየዓመቱ፣ በየክፍሉ የሚገጥመኝ ይህ ነው። የሚከተለው ከብዙ ወረቀቶች የማውቀው ዓይነት አንቀጽ ነው፦

«ስልክ በክፍል ውስጥ መፈቀድ የለበትም። በመጀመሪያ ተማሪው ትምህርቱን እንዳይከታተል ያደርጋል። በሁለተኛ ደረጃ ሲጮህ ትኩረት ይበትናል። ከዚህም በተጨማሪ ጨዋታ የሚጫወት ተማሪ መምህሩን አያዳምጥም። በሌላ በኩል የስልክ ዋጋ ውድ ነው። ስለዚህ ስልክ ለዘመኑ ሰው አስፈላጊ ነው።»

አንድ አራሚ በእንዲህ ያለ አንቀጽ ውስጥ እያንዳንዱን አያያዥ ቃል አስምሮ፣ በእያንዳንዱ ላይ ምልክት አድርጎ ለአደረጃጀት ሙሉ ነጥብ ሲሰጥ አይቻለሁ። እስቲ እንፈትሸው። ሦስቱ ምክንያቶች አንድ ምክንያት ናቸው፤ ሁሉም ትኩረት ይጠፋል ነው የሚሉት። «በሌላ በኩል» ያመጣው ተቃራኒ ሐሳብ የለም። «ስለዚህ» ደግሞ አንባቢውን ከመነሻው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጥለዋል። ሚስማር ስለበዛ ብቻ ሣንቃው በር አይሆንም።

በዚያው እርማት ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘው ድርሰት ደግሞ እንዲህ ይል ነበር፦

«ስልኩ ጮኸ። ድምፁ የአንዱን ልጅ ዓይን ከሰሌዳው ነቀለው። ያን ዓይን ተከትሎ የክፍሉ ዓይን ሁሉ ዞረ። መምህሯ የጀመሩትን ቀመር እንደገና ለመጻፍ ተገደዱ።»

አንድም ምልክት የሚደረግበት «በመጀመሪያ» የለም። ነገር ግን ስልኩ ወደ ድምፁ፣ ድምፁ ወደ ዓይኑ፣ ዓይኑ ወደ መምህሯ ያደርሳል፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ብታነሡት ቀጣዩ ይወድቃል። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ማይክል ሃሊዴይና ሩቃያ ሐሰን በ1976 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን መሠረት አድርገው የጽሑፍ ማያያዣዎችን በአምስት ሲከፍሉ አያያዥ ቃል ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነበር። ተውላጠ ስምና የቃላት ድግግሞሽም ያያይዛሉ። ይህን የማያይ አራሚ ጎበዙን ልጅ ይቀጣል፤ ይህ ደግሞ በጣም ያናድደኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተማሪው ከፈተና በፊት የአያያዥ ቃላት ዝርዝር ይሸመድዳል፤ አራሚውም መቁጠር ስለሚቀለው ይቆጥራል።

መፍትሔው፦ አያያዥ ቃላቱን በእርሳስ ሰርዛችሁ አንብቡ። ግንኙነቱ ያለ እነርሱም ከተሰማችሁ ሐሳቡ ተያይዟል፤ ካልተሰማችሁ ቃሉ ባዶ ነበር። ቀጥሎ በኅዳጉ ላይ የእያንዳንዱን አንቀጽ ሐሳብ ከአምስት ባልበለጡ ቃላት ጻፉ። ሁለት ኅዳግ አንድ ዓይነት ከሆነ ድግግሞሽ አለ። መጻፍ ካቃታችሁ አንቀጹ የራሱ ሐሳብ የለውም፣ ወይም ሁለት ይዟል። በመጨረሻ ሁለት አንቀጾችን በሐሳባችሁ አቀያይሩ። ምንም ካልተለወጠ ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የመጣ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እኩል ክብደት ያላቸው ምክንያቶች ቢቀያየሩ ጥፋት የለውም። ይህን ፈተና እንደ ማሽን አትጠቀሙበት።

ኅዳጉ ተማሪውንም ያስተምራል። ነጥብ ሳልሰጥ ኅዳጉን ብቻ ሞልቼ የመለስኩላት ተማሪ ሁለተኛውና አራተኛው አንቀጽ አንድ መሆናቸውን ራሷ አይታ ቀላቀለቻቸው፤ በተረፈው ቦታ ለተቃራኒው ወገን መልስ ጻፈች። «አደረጃጀትህን አሻሽል» የሚል አስተያየት ግን አትጻፉ። ከዚያ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ተማሪ አይቼ አላውቅም።

ችግር፦ የእጅ ጽሑፉ ያማረው ሁሉ አደረጃጀቱም ያማረ ይመስላል

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. የአንድ ሰው አንድ መልካም ጠባይ የሌሎች ጠባዮቹን ግምገማ ወደ ላይ እንደሚጎትት አሳይቷል። ፊደል ሲገደፍም በተቃራኒው ይሠራል። አደረጃጀትን ከፊደልና ከሰዋስው ለይታችሁ፣ በቅድሚያ፣ ለሁሉም ወረቀት በአንድ ዙር አርሙ። ለቀጣዩ ዙር ወረቀቶቹን በውዙ። ቀይ እስክሪብቶውን በመጀመሪያው ዙር አትንኩት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ኃይለ ቃሉ በአንቀጹ መጨረሻ ሲመጣ ስሕተት አይደለም፤ ተራኪ ድርሰት ውስጥ ጭራሽ ላይጻፍም ይችላል።

መደምደሚያው አዲስ ሐሳብ ካመጣ፣ ሐሳቡ በአብዛኛው ከሐተታው የጠፋው አንቀጽ ነው፤ በቀስት ቦታውን አሳዩ።

ቢጋሩ (ተማሪው ከመጻፉ በፊት የሚያወጣው የሐሳብ ዝርዝር) ንጹሕ ሆኖ ከድርሰቱ ጋር ቃል በቃል ከገጠመ፣ ከድርሰቱ በኋላ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ቢጋር ጠይቁ።

ድርሰቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ ቢጋሩን ተመልከቱ። የተጻፈው ከቢጋሩ ጋር ከሄደ የጎደለው ሰዓት ነው፤ ለአደረጃጀት የምትሰጡትን ነጥብ በተጻፈው ላይ ብቻ ተመሥርታችሁ ስጡ፣ ያልተጨረሰውን ሙሉነትን በሚመዝነው ረድፍ ላይ ቀንሱ።