የበረንዳ ጣውላ ወለል በብሎን ለማሰር ትክክለኛውን ማሽን እንዴት እንመርጣለን?

ደብረ ብርሃን ላይ የበረንዳ ወለል በባሕር ዛፍ ጣውላ ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ ወደ መሣሪያ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ጣውላውን ቢመረምር ይሻላል። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ብሎን በቀላሉ ይቀበላል፤ ሲደርቅ ግን ስለሚኮማተርና ስለሚጣመም ያሰሩት ይላላል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ እጅግ ይጠነክራል፤ በተለይ ጫፉ አካባቢ ሳይበሱት ብሎን ቢያስገቡበት ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ብሎኑን ይምረጡ። ርዝመቱ የጣውላውን ውፍረት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል፣ ማለትም ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ከ6 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዝናብ ስለሚያገኘው ዝገት የሚከላከል ሽፋን ያስፈልገዋል።

ከዚያ ማሽኑን ይምረጡ። በገመድ የሚሠራው ተራ ድሪል ለመብሳት ጥሩ ቢሆንም ለብሎን ይፈጥናል፤ እኔም በመጀመሪያው በረንዳዬ ላይ የብዙ ብሎኖችን ጭንቅላት የላጥሁት በእሱ ነው። የመዶሻ ምልክት ያለው ድሪልም አያታልልዎ፤ ምቱ ወደ ፊት ስለሆነ ለግድግዳ እንጂ ለብሎን አይረዳም። ኢምፓክት ድራይቨር የሚባለው ግን የሚመታው በመዞሪያው አቅጣጫ ስለሆነ ረጅምና ወፍራም ብሎን ያለ ብዙ ድካም ያስገባል። ጉልበቱ ግን በቀላሉ አይገታም፤ ቀጭን ብሎን ይበጥሳል፣ ጭንቅላቱንም ጣውላው ውስጥ ይቀብራል፤ ድምፁም የጆሮ መከላከያ ያስፈልገዋል።

አንድ ማሽን ብቻ የሚገዛ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት (ብሎኑ በተመረጠው ልክ ሲጠብቅ መዞሩን የሚያስቆም) ያለውን ባለ 18 ቮልት የባትሪ ድሪል ይግዛ፤ መብሳቱንም ማሰሩንም በአንዱ ይጨርሳል።

አሠራሩን በቁራጭ ጣውላ ላይ ይሞክሩ። ለ5 ሚሊ ሜትር ብሎን በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ)፣ ከጣውላው ጫፍ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ይብሱ። የፍጥነት መምረጫውን 1 ላይ (ዝግተኛው ላይ)፣ ቀለበቱንም ዝቅተኛ ቁጥር ላይ አድርገው፣ ማሽኑን ቀጥ አድርገውና ከኋላው ጫን ብለው ብሎኑን ያስገቡ። ብሎኑ ሳያልቅ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ማሽኑ ቢቆም ቀለበቱን አንድ ቁጥር ከፍ ያድርጉና ይድገሙት። ጭንቅላቱ ከጣውላው ገጽ ጋር እኩል ሆኖ ድምፁ የተሰማበት ቁጥር የወለልዎ ቁጥር ነው፤ ረስተው እንዳይደክሙ ጣውላው ላይ በእርሳስ ይጻፉት።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪውን ውጭ አያሳድሩ። ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፤ ስለዚህ ቤት አስገብተው ቅዝቃዜው ከለቀቀው በኋላ ብቻ ይሰኩት።