የሃያሉሮኒክ አሲድ መርፌ ፊትዎን ከመወጋትዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃያሉሮኒክ አሲድ ባዕድ ነገር አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል፤ ቆዳ ውስጥ ውሃ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ፀሐይና ሲጋራ ደግሞ ያፋጥኑታል። ስለዚህ በመርፌ መልሶ መስጠቱ በራሱ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «የሚወጋኝ ማነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ሁሉንም መርፌ አንድ አድርጎ ማየት

ፊለር ወፈር ያለ ጄል ነው። የጎደጎደ ጉንጭ ይሞላል፣ ለከንፈር ቅርጽ ይሰጣል። ስኪን ቡስተር የሚባለው ግን ቀጠን ያለ ነው፤ ቆዳው ውስጥ ተሰራጭቶ ርጥበት ይሰጣል፣ ቀጫጭን መስመሮችን ያለሰልሳል፣ የወረደ ጉንጭ ግን አያነሳም። ቦቶክስ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሚሠራው ጡንቻ ላይ ነው። ቆዳዋ የደረቀባት ሴት ፊለር አያስፈልጋት ይሆናል። ጉንጯ የጎደጎደባት ደግሞ በስኪን ቡስተር ብቻ አትረካም። መጀመሪያ ያስቸገረዎትን ነገር ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የምርቱን ስም መርጠው አይሂዱ።

ሳሎን ወይም ሰው ቤት ውስጥ መወጋት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ፊታችን በደም ስሮች የተሞላ ነው፤ አንዳንዶቹ ዓይን ውስጥ ካሉት ጋር ይገናኛሉ። ጄሉ በስህተት ደም ስር ውስጥ ከገባ ደም ያግዳል። ያ ቦታ ሊሞት ይችላል። ዓይን ከደረሰ ደግሞ እስከ መታወር ያደርሳል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን የሚቆጠረው ሰዓት ነው፣ ዓይን ከሆነ ደግሞ ደቂቃ። አፍንጫ፣ የቅንድብ መሐልና ግንባር በተለይ አደገኛ ናቸው።

መድኃኒቱ ሃያሉሮኒዴዝ ይባላል፤ ሃያሉሮኒክ አሲድን ያሟሟል። ስለዚህ ከመቀመጥዎ በፊት ሳያፍሩ ይጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ሃያሉሮኒዴዝ እዚህ ክሊኒክ ውስጥ አለ?» የሚያቅማማ ካጋጠመዎት ተነስተው ይውጡ። የሥራ ፈቃዱንም ማየት መብትዎ ነው።

ምልክቶቹን ይወቁ። ቆዳው ድንገት ይነጣል፣ ወይም እንደ መረብ ያለ ወይን ጠጅ መልክ ያወጣል፤ ከባድ ሕመምም ይኖራል። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ንጣቱ በደንብ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ወይም ቦታው ከቀዘቀዘ «ነገ ይሻለኛል» ብለው አይደሩ፤ ያኔውኑ ወደወጋዎት ሐኪም ይደውሉ። ዓይንዎ ከደበዘዘ ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

መርፌ የሌለው «ሃያሉሮን ፔን»ስ? ጄሉን በአየር ግፊት ቆዳ ውስጥ የሚያስገባ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳይጠቀሙበት በይፋ አስጠንቅቋል። ኦንላይን ገዝቶ ራስን መውጋትም ያው አደጋ ነው።

ማሸጊያውን ሳያዩ መወጋት

ሲሪንጁ ከታሸገ ሳጥን ውስጥ እርስዎ እያዩ ይውጣ። የምርቱን ስም፣ የምርት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ፤ ስልክዎ ላይ ፎቶ ያንሱት። ርካሽ የተባለው ነገር ፈሳሽ ሲሊኮን ሊሆን ይችላል። ሲሊኮንን ደግሞ ሃያሉሮኒዴዝ አያሟሟውም።

ለሐኪሙ መደበቅ

ማቅያ ክሬም የሚቀቡ ሰዎች አፍረው ይደብቃሉ። እባክዎ አይደብቁ። ብዙዎቹ ክሬሞች ስቴሮይድ አለባቸው፤ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ቁስሉም ቶሎ እንዳይድን ያደርጋሉ። ጠባሳዎ የሚያብጥ፣ ማለትም ኬሎይድ የሚያወጣ ከሆነም ይናገሩ። ከንፈርዎ ላይ ምች የሚወጣብዎት ከሆነ መርፌው ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ መድኃኒት ሊያዝልዎ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ይቆይ። ፊትዎ ላይ ያመረቀዘ ብጉር ካለም እስኪድን ይጠብቁ።

አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ኢ ፊት ሲወጋ በቀላሉ እንዲበልዝ ያደርጋሉ። በሐኪም የታዘዘልዎትን ደም ማቅጠኛ ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ።

ሰርግ ሲደርስ መሮጥ

እብጠትና መበለዝ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሙሽራም ሆኑ ሚዜ፣ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ይበሉ። ለዕረፍት መጥተው ወይም ዱባይ ደርሰው ተወግተው በማግስቱ የሚበሩም አሉ። አውሮፕላን ውስጥ ችግር ቢፈጠር ማን ይደርሳል? ጥቂት ቀን እዚያው ይቆዩ። የጥርስ ሕክምና ካለብዎትም በፊትና በኋላ የሁለት ሳምንት ያህል ርቀት ይስጡት። ስፖርት፣ ስቲምና አልኮል ለአንድ ሁለት ቀን ይቅሩ። ሐኪሙ ካላዘዘዎት ቦታውን አይሹት።

«ትንሽ ይጨመርልኝ»

ፊለር ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይቆያል ይባላል። አንዳንዴ ግን ከዚያም በላይ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። በየጥቂት ወሩ ከላይ ከላዩ ሲጨመርበት ፊት ያብጣል፣ የራስ መልክም ይጠፋል። በጥቂቱ ጀምሮ ማየት ይሻላል። ለልጆች ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እንግሊዝ ከጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ለውበት ብሎ ፊለር መውጋትን በሕግ ከልክላለች፤ ትክክል ነው እላለሁ።

ከተወጉ በኋላ መርሳት

እንደኛ ያለ ቆዳ ከመርፌ በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ ይቀቡ። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላም፣ አንዳንዴ ከጉንፋን ወይም ከጥርስ ኢንፌክሽን ተከትሎ፣ የተወጉበት ቦታ ሊጓጉል ይችላል። ያን ጊዜ ያነሱትን የሳጥን ፎቶ ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ፤ ምን እንደተወጉ ካወቀ ሕክምናውን ለመምረጥ ይቀለዋል።