ከመሪ ወርዶ ሶምሶማ፦ ከዜሮ ለሚነሳ ሰው

ሚኒባስ ስነዳ 19 ዓመት ሆነኝ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሪ ጨብጬ ከምሽቱ 2 ሰዓት እለቃለሁ። በመሃል እግሬ የሚያውቀው ሥራ ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ነዳጅ መርገጥ ብቻ ነበር። በ44 ዓመቴ ለምርመራ ሄጄ ግፊቴ 150 በ95 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ "እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?" አለኝ። "ቀኑን ሙሉ ስንቀሳቀስ ነው የምውለው" አልኩት። "መኪናው ነው እንጂ የሚንቀሳቀሰው፣ እርስዎማ ተቀምጠዋል" አለኝ።

በማግስቱ ሩጫ ጀመርኩ። በዚያው ቀንም አቆምኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። መስቀል አደባባይ ሄጄ ደረጃው ላይ የሚመላለሱ ወጣቶች አየሁና ከኋላቸው ገባሁ። በ1984 ደራርቱ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለን ነው ያየነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩጫ በደሜ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ዙር ሳልጨርስ ጎኔን ውጋት ቀስፎ ያዘኝ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ የጠጣሁትን ሻይ እዚያው መለስኩት። ሦስት ሳምንት ጫማውን ዞር ብዬ አላየሁትም።

የመለሱኝ ጃንሜዳ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። እንደገና ልሞክር ብዬ እያለከለኩ ሳልፋቸው "ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?" አሉኝ። "ማንም፣ አባባ።" "እንግዲያው ምን ያስሮጥሃል? ቀስ በል!" ሳቅኩ፤ ግን የሩጫ ትምህርት የሚባለው ለጀማሪ ከዚህ አያልፍም። እንጦጦ ጫካ ሄዳችሁ አትሌቶቹን ብታዩአቸው፣ ልምምዳቸው ቀላል በሆነበት ቀን በሰልፍ ሆነው በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ፣ እያወሩ፣ የኛን ያህል ቀስ ብለው ይሄዳሉ። እኛ ግን በመጀመሪያው ቀን እንደ ውድድር ቀን እንሮጣለን።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በሩብ ገደማ ያንሳል። እና ትንፋሽ ሲያጥራችሁ "ለዚህ አልተፈጠርኩም" አትበሉ። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሽቅብ ነው፤ ለፎቶ ካልሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይቅርባችሁ።

ታዲያ ቀስ ማለት ስንት ነው? ሰዓትም መተግበሪያም አያስፈልግም። እኔ የምለካው በረዳት ጥሪ ነው። እየሮጣችሁ "መገናኛ! መገናኛ! የሞላ፣ ሁለት ሰው የቀረው!" ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ መጣራት ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። "መገና..." ላይ ከተቆረጠባችሁ ቀንሱ። የኔ ረዳት ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ስቆብኛል፤ አሁን እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ ይወጣል፣ ከኔ በላይ ይጮኻል። መንገድ ላይ መጣራት የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ከሰው ጋር ውጡና እያወራችሁ ሩጡ፤ ያው ነው።

አጀማመሩን ልንገራችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሃሉ ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት እየጣላችሁ። የኔ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፤ ናፍጣ መኪና በጠዋት ሳይሞቅ አይነዳም፣ እግርም እንደዚያው ነው። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ ይህንን 8 ጊዜ መደጋገም። ማብቂያው ላይ 5 ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃ። በቃ፣ ወደ ቤት። "ገና ምኑን ሮጥኩና" የሚል ስሜት ይመጣል። ደግ ነው፣ ያንን ስሜት ይዛችሁ ግቡ፤ ረቡዕን የሚያስናፍቃችሁ እሱ ነው።

ስልክ አውጥቶ ደቂቃ መቁጠር ለሚሰለቸው የመብራት ምሰሶ አለ። በኔ መንገድ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ 4 ምሰሶ ያስኬደኛል። እናንተም አንድ ቀን በሰዓት ለኩና ከዚያ ወዲያ ምሰሶ ቁጠሩ።

በሦስተኛው ሳምንት 2 ደቂቃ ሩጡ፣ 2 ደቂቃ ተራመዱ። በአምስተኛው 3 በ1። በሰባተኛው 5 በ1። ዘጠነኛው ላይ ስትደርሱ 20 ደቂቃ ሳትቆሙ ሞክሩ። አንዱ ሳምንት ከከበዳችሁ ድገሙት፤ እኔ ሦስተኛውን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ፣ ሰርግ ነበረ፣ ጉንፋንም ነበረ። ሳንባና ልብ ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ናቸው የሚዘገዩት። ስለዚህ ትንፋሻችሁ "ጨምር" ሲላችሁ ቅልጥማችሁን ጠይቁ።

ቅልጥም ካልኩ አይቀር፦ ከፊት ለፊት አጥንቱን ተከትሎ የሚወጋ ሕመም የጀማሪ ሁሉ ዕጣ ነው ማለት ይቻላል። የመጣው ቶሎ ቶሎ ስለጨመራችሁ፣ ወይም ጠንካራ መሬት ላይ ስለሮጣችሁ ነው። በጣት ስትነኩት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነጥሎ ካመማችሁ ግን አርፋችሁ ሐኪም አሳዩት። ባትና ጭን ላይ በማግስቱ የሚሰማ መዛልና ሕመም ጉዳት የለውም፣ በጥቂት ቀን ይለቃል። ጎን ላይ ለሚመጣ ውጋት መራመድና በረጅሙ መተንፈስ ነው። ደረት ላይ ጫና ወይም ማዞር ከተሰማችሁ ግን ወዲያው ቁሙ፤ እዚያ ላይ ጀግንነት የለም። ከ40 በላይ የሆነ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይመርመር።

ጫማ። አዲስ ውድ ጫማ መግዛት ግዴታ አይደለም፣ የኔ የመጀመሪያው ሳልቫጅ ነበር። ግን ስትገዙ ከቀትር በኋላ ሂዱ፤ እግር ውሎ ሲያብጥ ነው ልኩ የሚታወቀው። ቆማችሁ በረጅሙ ጣታችሁና በጫማው አፍንጫ መካከል አንድ አውራ ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እጠፉት፦ ጣት ጋ ከታጠፈ ውሰዱት፣ መሃሉ ላይ እንደ ደብተር ከታጠፈ መልሱት። የሳልቫጅ ዋና ተንኮል ደግሞ ላዩ አዲስ መስሎ የሶሉ ስፖንጅ መድረቁ ነው። በአውራ ጣት ተጫኑት፤ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ሻጩ በእናቱ ቢምልም አትግዙ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ 1960 በፈረንጅ አቆጣጠር። ግን እሱ 19 ዓመት ፍሪሲዮን ሲረግጥ አልኖረም።

ቦታ ስትመርጡ ሜዳማ አፈር ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ፣ ቀጥሎ አስፋልት። ኮብልስቶን የቁርጭምጭሚት ጠላት ነው፣ በተለይ ዝናብ ሲነካው። በሾፌር ዓይን አንድ ነገር ልጨምር፦ መኪናው ፊት ለፊት በሚመጣበት በኩል፣ የመንገዱን ዳር ይዛችሁ ሩጡ፣ ከኋላችሁ የሚመጣውን አታዩትምና። እኛም በጠዋት ብርሃን ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው አይታየንም። ውሻ ከተነሳባችሁ አትሩጡ፣ ቁሙና ዞር ብላችሁ እዩት፤ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ባለቤቴ ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን አትወጣም፣ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ነው፤ ልክ ናት።

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ለ30 ደቂቃ ሶምሶማ በባዶ ሆድ ውኃ ጠጥቶ መውጣት ይቻላል። ስመለስ በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት ለምትቆዩ፣ ሩጫውን እህል ከምትቀምሱበት ሰዓት ትንሽ ቀደም አድርጉት፤ ጠዋት ሮጦ ቀኑን ሙሉ መጠማት ከባድ ነው።

ሰው ያያችኋል። ሕፃናት "ኃይሌ! ኃይሌ!" እያሉ ይከተሏችኋል፣ አንዳንዴም ይቀድሟችኋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ እስብ ነበር። አሁን እጄን አውለበልባለሁ።

መቼ ልጀምር ካላችሁ መስከረም ጥሩ ነው፦ ጭቃው ይደርቃል፣ ኅዳር ላይ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ አለ። ለእሱ ስትሄዱ ከኋላ ሰልፍ ያዙ፤ ፊት ያሉት እየፈጠኑ ይሄዳሉ፣ ኋላ ግን ከበሮና ዘፈን አለ፣ መራመድም ነውር አይደለም። እኔ የጨረስኩት በ1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው፣ ግማሹን እየጨፈርኩ።

አንድ የቀረኝ፦ ካልሲያችሁ ውስጥ የታክሲ ሂሳብ ሸጉጡ። ከቤት ርቃችሁ ቅልጥም እንቢ ያለ ቀን ያስፈልጋል። እኔ አንድ ቀን ረስቼ ሲኤምሲ አካባቢ እያነከስኩ ቆሜ የታክሲ ተራ ጓደኛዬ ደረሰልኝ፤ ከነላቤ ጋቢና አስገባኝ። ሂሳቡን በማግስቱ ተቀበለኝ።