በትንሽ ብር የጌም ኮምፒውተር መገጣጠም፦ የቱ ዕቃ ይቅደም፣ የቱ ይቆይ?

ሱቅ ገብቶ «ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ስጡኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው ኬዙ በመብራት ያሸበረቀ፣ ግራፊክስ ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ግን ደካማ፣ ፓወር ሰፕላዩም (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ስሙ የማይታወቅ ማሽን ነው። ብሩ የሄደው ከውጭ ለሚታየው ነው። ያው ብር በትክክል ከተከፋፈለ ግን አብዛኛውን የዘመኑን ጌም የሚያጫውትና የመብራቱን መሄድና መምጣት የሚችል ማሽን ይወጣዋል።

የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ እዚህ በብር ሳይሆን በድርሻ እናስላ። ሞኒተሩን ሳይጨምር ካላችሁ 100 ብር ውስጥ 40ው ለግራፊክስ ካርድ፣ 28ቱ ለፕሮሰሰርና (ስሌቱን ለሚሠራው) ለማዘርቦርድ (ሁሉም ለሚሰካበት ሰሌዳ)፣ 17ቱ ለራምና (ለጊዜያዊው ሜሞሪ) ለኤስኤስዲ (ለፋይል ማስቀመጫው)፣ 10ሩ ለፓወር ሰፕላይ፣ የቀረው 5 ለኬዝ ይሁን። ጥቂት ወዲህ ወዲያ ማለት ይቻላል። ከፓወር ሰፕላዩ ቀንሶ ለካርዱ መጨመር ግን አይቻልም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።

ሞኒተሩን አስቀድሙ

ግራፊክስ ካርዱ ምን ያህል መሥራት እንዳለበት የሚወስነው ሞኒተሩ ነው። በዚህ በጀት 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ይበቃል። ባለ 60 ኸርዝ ስክሪን በሰከንድ ከ60 ፍሬም (ምስል) በላይ ስለማያሳይ፣ እሱን ይዞ ለ144 ፍሬም የሚሆን ካርድ መግዛት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር ርካሽ አማራጭ ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጀርባውን እዩ። ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ ብቻ ካለው ተዉት። የቅርብ ጊዜ ግራፊክስ ካርዶች የቪጂኤ መውጫ የላቸውም፤ መቀየሪያውም ሌላ ወጪ ነው። ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት ያለውን ፈልጉ።

ግራፊክስ ካርድ

በዚህ ደረጃ ከሁሉ የምናስቀድመው አርኤክስ 6600ን ነው። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ የሚወስደው 132 ዋት ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ ይበቃዋል። ትንሽ መጨመር ከቻላችሁ ባለ 12 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3060 አለ፤ እሱ 170 ዋት ይወስዳል። ብሩ ከጠበበ ደግሞ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ከነ6 ጊጋባይቱ አሁንም ያጫውታል።

ሁለት ካርዶች ላይ ተጠንቀቁ። አንደኛው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ነው። 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው ሲሆን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ4 መስመር ብቻ ነው። እንደ ቢ450 ያለ የቆየ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ የመስመሮቹ ፍጥነት በግማሽ ስለሚቀንስ ሜሞሪው በሞላ ቁጥር ጌሙ ይንገጫገጫል። ሁለተኛው በርካሽ የሚገኘው አርኤክስ 580 ነው። ትክክለኛው 2304 የስሌት ክፍሎች አሉት፤ በዚያው ስም የሚሸጥ ባለ 2048 አለና ሳጥኑን አይታችሁ አትመኑ። ከሁለቱ አንዱን በሌላው ዋጋ መግዛት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሳይሞከር ብር አይከፈል። በፍላሽ ጂፒዩ-ዚ እና ፈርማርክ የሚባሉትን ነጻ ፕሮግራሞች ይዛችሁ ሂዱ። ጂፒዩ-ዚ ሲከፈት የካርዱን ስም፣ የስሌት ክፍሎቹን ቁጥርና የሜሞሪውን መጠን ያሳያል። አሮጌ ካርድ ስሙ ተቀይሮ እንደ አዲስ ሲሸጥ አዳዲሶቹ የጂፒዩ-ዚ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ ይለዩታልና ከስሙ ፊት «ሐሰተኛ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፋሉ። ለምሳሌ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብሎ የቪጂኤ መሰኪያ ያለው ካርድ ካያችሁ ገና ሳይሰካ ተጠራጠሩ። ከዚያ ካርዱን እስከ አቅሙ የሚያሠራውን ፈርማርክን 15 ደቂቃ አስሩጡ። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣቦች ወይም መስመሮች ከታዩ ሜሞሪው ተጎድቷል፤ ቅናሽ ቢደረግም አትግዙ። ሙቀቱ 85 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ግን ብዙ ጊዜ የደረቀ ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ወይም አቧራ ነው፤ ይህ የሚስተካከል ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል። ፋኖቹንም በጣት ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፤ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያንቋቋ ፋን ብዙ አይቆይም።

ፓወር ሰፕላይ፦ ቁጥሩን ሳይሆን ጎኑን አንብቡ

ብዙ ማሽን የሚቃጠለው በዚህ ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ፓወር ሰፕላዩን አገላብጡትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ፈልጉ። በሰንጠረዡ 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ተብለው የተከፋፈሉ ዓምዶች አሉ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚጎርሱት ከ12 ቮልቱ ነውና እሱ ሥር የተጻፈውን አምፔር በ12 አባዙ። 38 አምፔር ካለ 456 ዋት ነው፤ ጥሩ። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው፤ ያ «500 ዋት» የወረቀት ቁጥር ነው ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ቢበዛ 76 ዋት፣ አርኤክስ 6600 132 ዋት፣ የቀረው ዕቃ ደግሞ ወደ 50 ዋት ቢወስድ ድምሩ 260 ዋት አካባቢ ነው። ካርዶች ግን ለቅጽበት ከተጻፈላቸው በላይ ስለሚስቡ፣ ፓወር ሰፕላይም በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ስለሚግል 550 ዋት ገደማ የሆነና «80 ፕላስ ብሮንዝ» የተባለ ይሁን። ይህ ምልክት የሚነግረው ኃይል ምን ያህል እንደማያባክን ነው እንጂ ስለ ጥንካሬው ሁሉን አይናገርም። በእጃችሁ ስታነሱት በጣም ከቀለላችሁ ውስጡ ያለው ብረትና ሽቦ ጥቂት ነው።

ከኋላው 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለ፣ ሳትሰኩ 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። የኛ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ በቅጽበት ይፈነዳል። ጥሩዎቹ ይህ ማብሪያ የላቸውም፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይለያሉ።

መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ስታቢላይዘር የቮልቴጁን መውጣትና መውረድ ያስተካክላል። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ደግሞ ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ጌሙን ለመቀጠል አይደለም። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ርካሽ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ሲቀይር ራሱን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ዩፒኤሱን በገዛችሁ ቀን ጌም እየተጫወታችሁ ከግድግዳው ነቅላችሁ ሞክሩት።

ኬዙን ስትነኩት እጃችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቤቱ መስመር ወይም ኤክስቴንሽኑ ግራውንድ የለውም። ዕቃው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም አትለፉት። ኤሌክትሪሻን ግራውንዱን ያሠራላችሁ።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ራይዘን 5 5600 ከቢ450 ወይም ከቢ550 ማዘርቦርድ ጋር፤ 6 ኮርና 12 ትሬድ ያለው ፕሮሰሰር ነው (ቁጥሮቹ በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ እንደሚሠራ ይነግራሉ)። ሌላው የኢንቴሉ ኮር አይ3 12100ኤፍ ከኤች610 ጋር፤ 4 ኮርና 8 ትሬድ። ሁለተኛው ይረክሳል፤ ጌም ብቻ ለሚጫወት ያዘልቃል። ጌሙን እየቀዳ ዩቲዩብ ላይ ለሚለቅ ሰው ግን የመጀመሪያው ይሻላል።

የሚያሳስቱት ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ቢ450 የወጣው ከ5600 በፊት ስለሆነ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ካልታደሰ ማሽኑ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሰው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። ሻጩ ባዮሱን አድሶ እንዲሰጣችሁ ስትገዙ ተነጋገሩ። ኤች610 ደግሞ ዲዲአር4 ራም የሚወስድም ዲዲአር5 ራም የሚወስድም አለ፤ የራሞቹ ቀዳዳ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ከኢንቴል ስም መጨረሻ ያለው «ኤፍ» ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ እንደሌለው ይነግራችኋል፤ 5600ም እንዲሁ የለውም። ስለዚህ የሞኒተሩ ገመድ የሚሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ታች ካለው ካርድ ላይ ነው።

ለካርዱ አሁን ብር ካልደረሰ ራይዘን 5 5600ጂን ግዙ። የራሱ ግራፊክስ ስላለው ቀለል ያሉ ጌሞችን በዝቅተኛ ሴቲንግ ያጫውታል፤ ካርዱ በኋላ ይጨመራል። ግራፊክሱ የሚጠቀመው ራሙን ስለሆነ ሁለት ራም መሰካት እዚህ ግዴታ ነው፤ በአንድ ራም ፍሬሙ በጣም ይወርዳል።

ራም 16 ጊጋባይት ይሁን፤ ባለ 8 ሁለት፣ ዲዲአር4 3200። አራት መሰኪያ ካለ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰኩ። ለጌም የፈጣኑ ኤንቪኤምኢ እና የቀርፋፋው ሳታ ኤስኤስዲ ልዩነት ብዙ አይሰማም፤ የመጠኑ ልዩነት ግን ይሰማል። አንዳንዱ ጌም ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ይይዛል፤ አጥፍቶ እንደገና ማውረድ ደግሞ የዳታ ወጪ ነው። ስለዚህ ፈጣን 500 ጊጋባይት ከመግዛት መካከለኛ 1 ቴራባይት ይመረጣል። ዋጋው ለማመን የሚከብድ ርካሽ ኤስኤስዲ መጠኑ የውሸት ሊሆን ስለሚችል፣ ኤችቱ ቴስት ደብልዩ በሚባለው ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልታችሁ አረጋግጡ።

ኬዝና አየር

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የፊት ገጹ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ቢያምርም ለዚህ አይሆንም። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ሁለት ፋን ከፊት የሚያስገባ፣ አንድ ከኋላ የሚያስወጣ ምረጡ። በበጋ አቧራው ስለሚበረታ ወንፊቱን በየወሩ ጥረጉ።

የቢሮ ኮምፒውተርን ማሳደግ

ብሩ ሙሉ ግንባታ ካልቻለ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝቶ ካርድ መጨመር ጥሩ መንገድ ነው። ስምንተኛ ትውልድ አይ5 (ለምሳሌ 8500) እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚደግፈው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ቫሎራንት የሚባለውን ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ይህን በተለይ ልብ ይበሉ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደህንነት ሴቲንጎች ካልበሩ ጌሙ አይከፈትም።

የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም ብዙ ጊዜ የለውም። ቅርጹና መሰኪያው የፋብሪካው የራሱ ስለሆነ በሌላ መተካትም ያስቸግራል። ስለዚህ 75 ዋቱን ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚያገኝ ጂቲኤክስ 1650 ይሆናል፤ አንዳንዶቹ 1650ዎች ባለ 6 ፒን ገመድ ስለሚፈልጉ ካርዱን ጫፉ ላይ እዩት። ቀጭኑን ኬዝ ከገዛችሁ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱም ይወደዳል። ትልቁን ታወር ፈልጉ።

ከውጭ ማስመጣት

ዱባይ ወይም አሜሪካ ዘመድ ካለ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ካርድ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ኬዝ ግን እዚሁ ግዙ። ዋስትናው ብዙ ጊዜ በተገዛበት አገር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ ዕቃው ሻንጣ ከመግባቱ በፊት እዚያው ተሰክቶ ይሞከር።

ሲገጣጠም

ኬዝ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ማዘርቦርዱን በካርቶን ሳጥኑ ላይ አድርጋችሁ በፓወር ሰፕላይ፣ በፕሮሰሰር ከነኩለሩ (ከነማቀዝቀዣው)፣ በአንድ ራምና በካርድ ብቻ አስነሱት፤ ችግር ካለ የት እንዳለ ቶሎ ይለያል። የፕሮሰሰሩን ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከመሰኪያው ምልክት ጋር አገጣጥሙ፤ በራሱ ክብደት ይቀመጣል፣ በጭራሽ አትጫኑት። የፕሮሰሰሩ ገመድ 4 ሲደመር 4፣ የካርዱ 6 ሲደመር 2 ነው፤ ሁለቱም 8 ቢሆኑም አይለዋወጡም። ያገለገለ ራይዘን 5600 ላይ የተጣበቀ ኩለር ስትነቅሉ መጀመሪያ ማሽኑን 10 ደቂቃ አስሠርታችሁ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ ኩለሩን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አንሱት። ቀጥ ብሎ ከተሳበ ፕሮሰሰሩን ይዞት ይወጣና ፒኖቹ ይጣመማሉ።

ከበራ በኋላ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩ። ካልበራ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም በ2133 ወይም በ2400 ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ታስክ ማኔጀር ላይ የራሙን ፍጥነት አይታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ የምትወዱትን ጌም ለ30 ደቂቃ ተጫወቱ፤ ሙቀት የሚያሳየውን ኤችደብልዩ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ከጎን ክፈቱት። ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ ከነካ ኩለሩ በደንብ አልተጫነም ወይም ከሥሩ ያለው ላስቲክ አልተላጠም። ካርዱ እየሠራ ማሽኑ ድንገት ከጠፋ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ጎን ተመለሱና የ12 ቮልቱን አምፔር እንደገና አንብቡ።