ከአራት ኪሎ ኦሎምፒያ በሳይክል

ቤቴ አራት ኪሎ፣ ሥራዬ ኦሎምፒያ ነው። የአንድ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ እሠራለሁ። ሳይክል የጀመርኩት ስፖርት ወድጄ ሳይሆን የታክሲ ሰልፍ ሰልችቶኝ ነው። ሰው ሁሉ "ቶሎ ትደርሻለሽ አይደል?" ይለኛል። መንገዱ ጭር ሲል ታክሲ ይቀድመኛል፣ ምን ይደበቃል። የሳይክል መስመሩ የሰጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስንት ሰዓት እንደምደርስ አውቃለሁ። የደሞዝ ሰሞን ይሁን የበዓል ዋዜማ፣ መኪናው ተቆላልፎ ቢቆም እንኳ ግማሽ ሰዓት አይሞላኝም።

መሞከር ካሰባችሁ በእሑድ ጠዋት ጀምሩ። ኅዳር 2011 "መንገድ ለሰው" ተብሎ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ ብዙ ሰው መሃል አስፋልት ላይ የነዳው በእሑድ ነበር። አሁን በኛ በኩል መዝጋት አያስፈልግም። በ2016 በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር መስመር ተሠርቷል። እሑድ ስትሄዱበት የት እንደሚጠብ፣ የት እንደሚቋረጥ ልብ በሉ። ሰኞ ላይ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ጠዋት ቁልቁለት ነው። ፓርላማውን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ሒልተንን፣ አፍሪካ አዳራሽን አልፋችሁ ሳታስቡት መስቀል አደባባይ ናችሁ። ሳይክሉ በራሱ ይወርዳል፤ የእናንተ ሥራ ፍሬኑ ላይ ነው። የፊቱን ብቻ ጥርቅም አድርጎ የያዘ በአፍንጫው ይተከላል። ሁለቱንም ቀስ እያላችሁ ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀለም የተቀባ ቦታ ሁሉ ያንሸራትታል። ዜብራና የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ላይ ሳትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ፤ ላዩ ላይ ሆናችሁ ፍሬን አትንኩ።

ማታ ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ማርሹን ገና ሜዳው ላይ ሳላችሁ አቅልሉት፤ ዳገት መሃል ስትቀይሩ ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ አንዳንዴም ይወጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አይግረማችሁ፣ ወርዳችሁ ግፉት። እኔ አሁንም ቤተ መንግሥቱ አጥር ጋ ስደርስ የምገፋበት ቀን አለ። ለማረፍ ግን ሌላ ቦታ ምረጡ። እዚያ ቆሞ ስልክ መነካካት ለጥያቄ ይዳርጋል።

መስመሩ ላይ እስካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው መስቀለኛ መንገድና ታክሲ መጫኛ ላይ ነው። የሚኒባስን ፍሬቻ አትመኑ፤ ረዳቱን እዩት። እጁ በሩ ላይ ከሆነና አንገቱን ካሰገገ፣ ውስጥ አንዱ "ወራጅ አለ" ብሏል ማለት ነው። ታክሲው ወደ ዳር ሊገባ፣ በሩም በእናንተ በኩል ሊከፈት ነው። ከኋላው ቁሙ። በቀኝ ሾልኬ ልለፍ ያለ የወራጁን ጉልበት ነው የሚያገኘው።

ከታክሲ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የቤት መኪና ነው። ሹፌሩ ከግራ የሚመጣውን መኪና እያየ መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል፣ እኔ ደግሞ ቀኙ ላይ ነኝ። ስለዚህ መታጠፊያ ጋ ስደርስ ፊቱ ወደ እኔ እስኪዞር አላልፍም። ክላክስ የሚያንባርቅብኝ ካለም ጆሮ ዳባ ልበስ። ወደ ግራ መታጠፍ ሲኖርባችሁ ከመኪና ጋር አትጋፉ። ውረዱና ከእግረኛው ጋር በዜብራ ተሻገሩ።

አመሻሽ ላይ መስመሩ የሳይክል ብቻ አይደለም። መብራቱ ስላማረ ሰው ይንሸራሸርበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል፣ ልጅ ይሯሯጥበታል። ደወል መደወል ሰው ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ወደየት እንደሚዘል አይታወቅም። በአፍ ይሻላል። "እማማ፣ ይቅርታ፣ ልለፍ" ስትሏቸው መንገድ ለቀው ይመርቋችኋል። መስመሩ ላይ መኪና ያቆመ ግን ምርቃት የለውም።

የእህቴ ባል ቪትዝ ይነዳል። "መንገዱን ቆርሰው ለእናንተ ሰጧችሁ" ይለኛል። ናክቶ የሚባለው የአሜሪካ የከተማ ትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበር ያወጣውን ስሌት ነገርኩት። 3 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አንድ መስመር በግል መኪና በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው ስፋት ተከልሎ የሳይክል መስመር ሲሆን 7,500 ሰው ማሳለፍ ይችላል። "ሳይክሉ የታለ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገና ጥቂት ነን። ቢሆንም መኪና ኖሮኝ ቢሆን በተቆላለፈው መንገድ ላይ ከፊቱ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

ልብስን በተመለከተ ሴቶች ስሙኝ። ቀሚስ ይቻላል፣ ከሥር ታይት ከለበሳችሁና ሰንሰለቱ ላይ መሸፈኛ ካስገጠማችሁ። ነጠላ ግን በፍጹም! ጫፉ የኋላ ጎማ ሽቦ ውስጥ ከገባ አንገት ይዞ ነው የሚጎትተው። ቤተ ክርስቲያን ተሳልማችሁ የምትመጡ ከሆነ አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ሹሩባ ከተሠራችሁ ሄልሜት ስትገዙ ከነሹሩባችሁ ለኩት። ለክረምት ፓራፋንጎ አስገጥሙ፤ አለዚያ ቢሮ ስትገቡ ጀርባችሁ ላይ የጭቃ መስመር ይኖራል።

የቀረው ማቆሚያ ነው። ብዙ ሕንፃ "ፓርኪንጉ ለመኪና ነው" ይላል። የሕንፃ አስተዳደሩን በደብዳቤ ከመጠየቃችሁ በፊት ጥበቃውን አነጋግሩ። ደረጃ ሥር ወይም የእሱ ጎጆ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ሳይክል የሚያስቆም ቦታ አይጠፋም። ቡና ጋብዙት፣ በበዓል አስቡት። ከዚያም ቢሆን ቆልፉ፤ ሰንሰለቱን በፊት ጎማው ብቻ ሳይሆን በአካሉም ውስጥ አሳልፋችሁ ከብረት ጋር እሰሩት። ጎማው ብቻ ከታሰረ ሌባ ጎማውን ትቶላችሁ ሌላውን ይዞ ይሄዳል።