የአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ለምን ይሰነጠቃል? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ቶዮታ ዲኤክስ፣ ፔጆ 504 ወይም የድሮ መርሴዲስ ካለዎት፣ ሞተሩ ሲያስቸግር የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ዳሽቦርዱ፣ ጋራዥ ውስጥ ክሩስኮት የሚሉት፣ ሲሰነጠቅ ግን ብዙዎቻችን ፀጉራም ምንጣፍ ጣል አድርገንበት እንረሳዋለን። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ።

መጀመሪያ የተሠራበትን ነገር እንወቅ። ከላይ ቪኒል የሚባል ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ስፖንጅ፣ ከዚያ በታች የብረት ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ አጥንት አለ። ቪኒል ለብቻው ደረቅ ነው። ልስልስ ያደረገው ፋብሪካ ውስጥ የተጨመረበት ዘይት መሳይ ኬሚካል ነው። ሙቀት ይህን ዘይት ያተነዋል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ቪኒሉን ራሱን ይበላዋል። ዘይቱ ያለቀበት ቪኒል ይኮማተራል፤ አጥንቱ ግን አብሮት አይኮማተርም። ስለዚህ ቆዳው ይተረተራል።

"አዲስ አበባ እኮ አይሞቅም" የሚል አይጠፋም። አየሩ አይሞቅም እንጂ ፀሐይዋ ትጠብሳለች። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነን። በዚያ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ ቀን የተለጠጠው ማታ ይሰበሰባል። ቆላ ከሆኑ ነገሩ ይብሳል። በሞቃት አገር ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ ይችላል።

ምልክት፦ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ቅባት ያለው ጭጋግ ይይዛል

ይህን ብዙ ሰው አቧራ ይመስለዋል። ከቪኒሉ የተነነው ዘይት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ እንዲህ ይሆናል። ሲጋራ ካላጨሱና ዳሽቦርዱ ላይ ቅባት ካልቀቡ፣ መኪናዎ እየነገረዎት ነው። ስንጥቁ ገና አልመጣም፤ ግን መንገድ ላይ ነው።

መፍትሄው ጥላ ነው። ሲያቆሙ ብርማ የመስታወት መከለያ ይዘርጉ። ቦታው የሚያሰጋ ካልሆነ መስኮቱን ጣት የማያስገባ ያህል ክፍት ይተዉት። አቅጣጫም ይረዳል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ድረስ አዲስ አበባ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። የመኪናዋን ፊት ወደ ሰሜን አድርገው ካቆሟት ጣሪያው ለዳሽቦርዱ ጥላ ይሆናል። ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴ ነው፤ እኔ ከየትኛውም ቅባት በላይ እሱን አምናለሁ።

ምልክት፦ ያብለጨልጫል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ነው። እኔም ነበርኩ። የኔን ዲኤክስ ለዓመታት ላቫጆ ስወስዳት ልጁ ዳሽቦርዷን በምንነቱ በማላውቀው ቅባት ያሻታል፤ እኔም ስታበራ ደስ ብሎኝ ጉርሻ እሰጣለሁ። ቅባቱ ከአቧራ ጋር እየተላቆጠ ንብርብር ሠራ። በአንድ በጋ ውስጥ ከሥሩ ስንጥቅ ወጣ። ማብራት ጤና አይደለም። ናፍጣ፣ ቤንዚንና ሌላም ነዳጅ ነክ ነገር ለጊዜው ያሳምራል፤ ግን የቪኒሉን ዘይት አጥቦ ይወስዳል። ሲሊኮን የበዛበት ቅባት ሌላ ጣጣ አለው፦ በኋላ ሊያስጠግኑት ሲሞክሩ ቀለምም ሙጫም አይዝም።

ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡ። በለስላሳ ብሩሽ ይሹት፣ በእርጥብ ጨርቅ ያንሱት። ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ይደጋግሙት። ውሃ ወደ ሬዲዮውና ወደ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ እንዳይገባ። ሲደርቅ፣ ውሃ መሠረት ያደረገና አልትራቫዮሌት የሚከላከል ቅባት በስሱ ይቀቡ። የማያበራውን ዓይነት ይምረጡ።

ምልክት፦ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ

ስንጥቅ የሚጀምረው ቪኒሉ ከተቆረጠበት ቦታ ነው፦ ከስፒከሩ ቀዳዳ፣ ከአየር ማውጫው ጥግ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው መርሴዲስ ደብልዩ 123 በዚህ የታወቀ ነው። አዲስ ከሆነ ጫፉ ላይ በጋለ መርፌ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያብጁለት። ሹል ጫፍ እየቀደደ ይሄዳል፤ ክብ ቀዳዳ ጉልበቱን ይበትነዋል። ሱፐር ግሉ አያንጠባጥቡበት። ደርቆ ድንጋይ ይሆንና ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ይወልዳል።

ምልክት፦ ስንጥቁ ሰፍቶ ስፖንጁ ይታያል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ተቀልብሷል

ዘይት ቀብቶ የሚመልሰው የለም። የተቀለበሰውን ጠርዝ ተጭነው ለማስተኛት አይድከሙ፤ በምላጭ ይቁረጡት። የተፈረፈረውን ስፖንጅ ያውጡ። ከዚያ ለፕላስቲክ ፓራውልት (ባምፐር) የሚሆነውን ተጣጣፊ ስቱኮ በስስ በስሱ እየደራረቡ ይሙሉት። የቆርቆሮ ስቱኮ አይሆንም፤ አይታጠፍማ። በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው የቪኒል ቀለም ይነፋል። እውነቱን ለመናገር፣ የቪኒሉን ሸካራ መልክ መልሶ ማምጣት የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ጥገናው ከቅርብ ሲያዩት ያስታውቃል።

ስንጥቁ ከሦስት አራት ካለፈ ታፒሴሪ (የመኪና ውስጥ ልባስ የሚሠራ ቤት) ወስደው እንዳለ ማልበስ ይሻላል። አሜሪካ ዘመድ ካለዎት ለታወቁ ሞዴሎች ከላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ክዳን ይሸጣል፤ ግን ሙጫውን ይጠንቀቁ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ያ ፀጉራም ምንጣፍም ቢሆን መጥፎ ነገር አይደለም። ስንጥቅ ከመምጣቱ በፊት ካለበሱትና በሙጫ ካልለጠፉት ጨረሩን ይከላከላል። የተሰነጠቀውን ግን አይፈውስም።

የቮልስ ባለቤቶች ትንሽ ዕድለኞች ናቸው። የጥንቶቹ ዳሽቦርድ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ ይፈዛል እንጂ አይሰነጠቅም። ለውጪው አካል በሚሆን ፖሊሽ ቀስ ብለው ያሹት። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው 1303 የተባለው ቮልስ ግን ዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ስለሆነ ከላይ ያልነው ሁሉ ይመለከተዋል።

ታፒሴሪ ከሄዱ ሁለት ነገር ይንገሯቸው። የአየር ማውጫዎቹ በቆዳ እንዳይደፈኑ፣ መልኩም ደብዛዛና ጠቆር ያለ ይሁን። ቢዥ ቀለም ያማልላል፤ ቀን ላይ ግን የፊት መስታወቱ ውስጥ እየተንጸባረቀ መንገዱን ይጋርዳል። እኔ ጥቁር አስለብሻለሁ። ላቫጆ ስሄድም "ውስጡን ተወው" እላለሁ።