የልደትን ደስታ ከዋዜማው በፊት እንዴት እናዘጋጃለን?

የልደት ዋዜማ በብዙ ቤት የሩጫ ቀን ነው። ከሽንኩርት ተራ ወደ ዶሮ ተራ፣ ከዶሮ ተራ ወደ ልብስ መሸጫ ሲኳትኑ የዋሉ እናትና አባት፣ ማኅሌቱ በሚቆምበት ሰዓት ጉልበታቸው አልቆ ይገኛሉ። በማግሥቱም ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ማዕዱ ሞልቶ፣ ቡናው እየተቆላ ልባቸው አንዳች ነገር እንደ ጎደለው ይሰማቸዋል። ይህ የእምነት ማነስ አይመስለኝም። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈው፣ በቤተ ልሔም ጌታ በግርግም የተኛው በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስላልነበረ ነው፤ እኛም ብዙ ጊዜ የሚጎድለን ለእርሱ የሚሆን ባዶ ስፍራ ነው። ስፍራ ደግሞ በአንድ ቀን አይለቀቅም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የተከተለ ቢሆንም፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንም አብዛኛውን በቤታቸው ሊሠሩበት ይችላሉ።

1. ጾሙን የዝግጅቱ መጀመሪያ ማድረግ

ጾመ ነቢያት፣ በተለምዶ የገና ጾም የምንለው፣ ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በዓሉ ታኅሣሥ 29 ሲውል ይፈታል፤ በዘመነ ዮሐንስ (ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት) ግን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ጾሙም በአንድ ቀን ይቀድማል። ነቢያት የክርስቶስን መምጣት በናፍቆት እንደ ጠበቁ የምናስብበት ጾም በመሆኑ፣ ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻውን አይበቃውም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ፣ እግዚአብሔር የወደደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስና የተራቆተውን ማልበስ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ በጾሙ መግቢያ ላይ ሁለት ነገሮችን ብቻ ይወስኑ፤ አንደኛው የሚተዉት፣ ሁለተኛው የሚሰጡት ይሁን። ለምሳሌ፣ ማታ ማታ በስልክ ላይ የሚያልፈውን አንድ ሰዓት ለጸሎትና ለንባብ መተው፣ ከዕለት ወጪ የተረፈችውንም ገንዘብ በአንድ ጣሳ ማጠራቀም ይቻላል። የታመመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው አጿጿሙን ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከርበት።

2. የመጨረሻዎቹን 3 ሳምንታት ከቃሉ ጋር ማሳለፍ

ከበዓሉ በፊት ያሉት 3 እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ (እረኛ) ይባላሉ። በምስባካቸው፣ ማለትም ከወንጌል ንባብ በፊት በሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ፣ የሚሰማው ልመና ነው፤ በስብከት «እጅህን ከአርያም ላክ»፣ በብርሃን «ብርሃንህን ላክ»፣ በኖላዊ ደግሞ «የእስራኤል ጠባቂ ሆይ፥ አድምጥ» ይባላል። በቤት ውስጥ ይህንኑ መከተል ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከኢሳይያስ ምዕራፍ 7ንና ምዕራፍ 9ን፣ ከሚክያስ ምዕራፍ 5ን፣ በሁለተኛው የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 1፣ በሦስተኛው ምዕራፍ 10ን፣ በዋዜማው ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ያንብቡ። ከእራት በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃል። ማንበብ የሚችል ልጅ ካለ እርሱ ያንብብ፤ ትልልቆቹ ያዳምጡ።

3. ከበዓሉ 2 ሳምንት ቀድሞ መታረቅ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። በዋዜማው ስልካችን ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ የምንልከው የ«እንኳን አደረሳችሁ» መልእክት የእርቅን ቦታ አይተካም፤ እንዲያውም ለተቀየመን ሰው ሲደርሰው ቁስሉን ሊነካካ ይችላል።

የአንድ ሰው ስም ብቻ ይምረጡ። ጉዳዩ ቀላል ከሆነ በአካል ወይም በስልክ አግኝተው፣ «አንተም እኮ» ሳይሉ የራስዎን ጥፋት ብቻ ተናግረው ይቅርታ ይጠይቁ። የርስት፣ የገንዘብ ወይም የትዳር ጉዳይ ከሆነ ግን ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ 2 ሳምንት ያልኩትም ለዚህ ነው፣ ሽማግሌ የሚሄድበትና የሚመለስበት ጊዜ ይፈልጋልና። ሌላው ወገን እምቢ ቢል፣ ሐዋርያው ጳውሎስ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ያለውን አስቡ፤ በእናንተ በኩል ያለው ተፈጽሟል። ጉዳት ያደረሰባችሁንና አሁንም ሊያደርስ የሚችለውን ሰው ይቅር ማለት፣ ወደ እጁ ተመልሶ መግባት ማለት አይደለም።

4. የሌላውን ድርሻ አስቀድሞ ማውጣት

በልጅነቴ ዶሮ ወጡ ከምድጃ ሲወርድ እናቴ መጀመሪያ የምትጨልፈው ለእኛ አልነበረም። ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ታወጣና፣ እንጀራውን አጥፋ ከላይ አድርጋ፣ በግቢያችን ጀርባ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት ትልከኝ ነበር። ሳህኑ ስለሚያቃጥል ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያቀያየርኩ እሄዳለሁ። እሳቸውም ሳህኑን ባዶ አይመልሱም፤ አጥበው እፍኝ ቆሎ ያደርጉበታል፣ ግንባሬንም ስመው ይመርቁኛል። ያን ቆሎ ይዤ ስመለስ የሚሰማኝን ደስታ፣ ቤት የሚጠብቀኝ ዶሮ ሰጥቶኝ አያውቅም።

እናቴ የሰጠችው ትርፍ አልነበረም። በዓሉን ስታቅዱም እንዲሁ አድርጉ፤ የበዓሉን ወጪ በወረቀት ስትጽፉ የመጀመሪያው መስመር የሌላ ሰው ድርሻ ይሁን። ቅርጫ የምትገቡ ከሆነ ከመደባችሁ የሚወጣውን ሥጋ፣ ድፎ የምትደፉ ከሆነ ግማሹን ዳቦ፣ በጣሳው የተጠራቀመችውንም ገንዘብ ለማን እንደምትሰጡ ከወዲሁ ስም ጥሩለት። ለበዓል ብሎ መበደርን ግን አልመክርም፤ ጥር ወርን በዕዳ ጭንቀት የሚያሳልፍ ቤት የልደትን ደስታ በቶሎ ይረሳል።

በዓመቱ ውስጥ ሐዘን የገባበትን ቤት ደግሞ አትዝለሉ። ከሞት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ በዓል ብርቱ ነው፤ ብዙ ዘመድም «እንዳናስለቅሳቸው» ብሎ ይቀራል። ሂዱ። ቡና አፍልታችሁ፣ የሟቹን ስም ሳትፈሩ እየጠራችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፤ ካለቀሱም ይልቀሱ። መልአኩ «ታላቅ ደስታ» ያበሠረው በፍርሃት ለተያዙ እረኞች ነበር፤ የተወለደው ሕፃንም ብዙ ሳይቆይ ወደ ግብፅ ተሰዷል። የክርስቲያን ደስታ እንባን አይከለክልም።

5. ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ማሳለፍ

ለዚህ ሲባል የገበያውንና የወጥ ቤቱን ሥራ በተቻለ መጠን ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ሽንኩርት መላጡንና መክተፉን ወንዶችና ልጆችም ይካፈሉ። እናቶች ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ስር ቆመው የሌላው ቤተሰብ ብቻ የሚያስቀድስበት በዓል ሙሉ አይደለም። መቁረብ የሚፈልግ አስቀድሞ ንስሐ ይግባ። ከቀትር በኋላ ትንሽ ተኙ፤ የታኅሣሥ ብርድ ብርቱ ነውና ከነጠላው ስር ወፈር ያለ ልብስ ይኑር።

በላሊበላ በዚህ በዓል ካህናቱ በቤተ ማርያም ግማሾቹ ከላይ ከአለቱ ጠርዝ፣ ግማሾቹ ከታች ከቅጥሩ ሆነው «ቤዛ ኩሉ» (የሁሉ ቤዛ) እያሉ ይዘምራሉ፤ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰዎች ምሳሌ ናቸው። በአጥቢያችሁም ሌሊቱን በዚህ አሳብ ቁሙ፤ ግእዙን ባትሰሙት እንኳ፣ ሰማይና ምድር በአንድ ቃል የዘመሩበት ሌሊት መሆኑን ማሰብ ይቻላል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለምትሠሩ እኅቶችና በአውሮፓና በአሜሪካ ቀኑ ተራ የሥራ ቀን ለሚሆንባችሁ ይህ ደረጃ ላይሳካ ይችላል። ሉቃስ ምዕራፍ 2ን በመኝታ ሰዓት ማንበብ፣ ቅዳሴውን በስልክ መስማት፣ ከተቻለም እንደ እናንተ ብቻዋን ለሆነች አንዲት ሴት ደውሎ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ማለት በቂ ነው። እረኞቹም ምሥራቹን የሰሙት በሥራቸው ላይ ሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ ነው።

6. ከበዓሉ ማግሥት መቀጠል

እረኞቹ ሕፃኑን ካዩ በኋላ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተመልሰዋል። እኛም ከታኅሣሥ 30 ጀምሮ እስከ ጥምቀት ያሉትን ቀናት በዚያው መንፈስ ማሳለፍ እንችላለን፤ ለጾሙ ከወሰናችሁት ውስጥ አንዱን፣ ለምሳሌ የማታውን ንባብ፣ አታቋርጡ። ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ ከመውጣታቸው በፊትም፣ በልደት ዕለት ሳህን የላካችሁበትን ደጅ፣ አሁን ምንም በዓል በሌለበት ቀን፣ አንድ ጊዜ እንደገና አንኳኩ።